የገበያ ፉክክርና የኩባንያ ስትራቴጂ እንግሊዝኛን ማጥናት፦ ቃላቱን ከነአጃቢዎቻቸው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አብራኝ እንግሊዝኛ ታጠና የነበረች አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ከጋዜጣ የቆረጠችውን የሥራ ማስታወቂያ አምጥታ አሳየችኝ። ማስታወቂያው የሥራ ልምዱንና የትምህርት ደረጃውን ከዘረዘረ በኋላ ደመወዙን በቁጥር አልጻፈም፤ «ኮምፔቲቲቭ ሳላሪ» ብሎ አልፎታል። እርሷም «ኮምፔቲሽን» ውድድር መሆኑን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስለምታውቅ፣ ደመወዙ ተወዳድሮ ላሸነፈ ብቻ የሚሰጥ መስሏት ማመልከቻ ሳታስገባ ቀነ ገደቡ አለፈ። ሐረጉ የሚለው ግን ሌላ ነበር፤ ሌሎች ቀጣሪዎች ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፍሉት የማያንስ ደመወዝ እንከፍላለን ማለት ነው። «ኮምፔቲቲቭ ፕራይስ» ሲባልም ገዢው ወደ ሌላ ሻጭ እንዳይሄድ የሚያደርግ፣ ከተፎካካሪዎች የማይበልጥ ዋጋ ማለት ነው፤ «ኮምፔቲቲቭ ማርኬት» ደግሞ ብዙ ሻጮች የሚሻሙበት ገበያ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ከጎኑ የቆመው ቃል በተለወጠ ቁጥር አማርኛው ሌላ ቃል ይጠይቃል።

በባንክ፣ በንግድ ድርጅት ወይም በፕሮጀክት መሥሪያ ቤት ውስጥ የእንግሊዝኛ ሪፖርት የሚያነቡና በስብሰባ ላይ ስለ ገበያ መናገር የሚጠበቅባቸው ብዙ ሰዎች የሚቸገሩት በቃላት እጥረት እንዳልሆነ ከማስተማር ልምዴ አውቃለሁ። አንድን የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋር አጣምሮ መሸምደድ በዚህ ዘርፍ ሩቅ አያደርስም። ቃሉን ከሚያጅቡት ቃላት ጋር፣ በትክክል ከተፈጸመና እርስዎ ከሚያውቁት የገበያ ጉዳይ ጋር አስሮ ማጥናት ግን ቶሎ ፍሬ ይሰጣል። ቃላቱን እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፋቸውን ከመዝገበ ቃላት እየፈለጉ ደብተርዎ ላይ በእጅዎ ያስፍሩ፤ ፍለጋው ራሱ የመጀመሪያው ልምምድ ነው።

በሚያውቁት ታሪክ መጀመር

የቢዝነስ እንግሊዝኛ መማሪያዎች ምሳሌዎቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱት አንባቢው ሸምቶባቸው ከማያውቅ የአውሮፓና የአሜሪካ ኩባንያዎች ነው፤ በዚህም ተማሪው ታሪኩንና ቃሉን በአንድ ጊዜ ለመሸከም ይገደዳል። ታሪኩን አስቀድመው የሚያውቁት ከሆነ ግን አእምሮዎ ለቃሉ ብቻ ነፃ ይሆናል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ከቴሌኮም ገበያችን የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ታሪኩ የሚታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ከተጀመረው የስልክ አገልግሎት አንሥቶ ዘርፉ በመንግሥት እጅ ብቻ ቆየ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ፣ 600 ሚሊዮን ዶላር ያቀረበውን የደቡብ አፍሪካውን ኤምቲኤን በልጦ የቴሌኮም አገልግሎት ፈቃዱን አገኘ። በዚያው ወር የመንግሥቱ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ አገልግሎቱን ቴሌብርን ሥራ አስጀመረ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ጀምሮ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር ወደ አዲስ አበባ ገባ፤ የሳፋሪኮም የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ።

አሁን ይህንኑ ታሪክ በእንግሊዝኛ ቃላት እናልብሰው። ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት የነበረው ሁኔታ «ሞኖፖሊ» ነው፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ብቻውን የሚሸጥ ማለት ነው። ሁለት ብቻ ሲሆኑ «ዱኦፖሊ»፣ ጥቂቶች ሲሆኑ «ኦሊጎፖሊ» ይባላል። በገበያው ቀድሞ የነበረው ድርጅት «ኢንከምበንት» ነው፤ አማርኛው «ነባሩ» ሲሆን፣ ቃሉ ሥልጣን ላይ ላለ ሹም ጭምር እንደሚውል ይያዙት። አዲስ የገባው «ኒው ኤንትራንት» ይባላል። ብዙ ድርጅቶች ለአንድ ሥራ የሚፈጥሩት ጥምረት «ኮንሶርቲየም» ነው። ለጨረታ የሚቀርበው ዋጋ «ቢድ» ሲሆን፣ የበለጠ ዋጋ አቅርቦ ማሸነፍ «አውትቢድ» ማድረግ ነው። በተንቀሳቃሽ ስልክ ገንዘብ ቴሌብር ከኤምፔሳ ሁለት ዓመት ቀድሞ በመጀመሩ ያገኘው ጥቅም «ፈርስት ሙቨር አድቫንቴጅ» ይባላል፤ ቀድሞ የተነሣ የሚያገኘው ብልጫ ማለት ነው። ኔትወርክን ከከተማ ወደ ከተማ ማስፋፋት «ሮል አውት» ነው።

ከነዚህ ውስጥ «አውትቢድ» የሚለውን ጠጋ ብለን እንየው፤ አንድ ቃል ብቻ መስሎ ቢታይም የብዙ ቃላት በር ነው። «አውት» ከግሥ ፊት ሲለጠፍ በዚያ ድርጊት መብለጥን ያመለክታል። «አውትሴል» በሽያጭ መብለጥ፣ «አውትፐርፎርም» በውጤት መብለጥ፣ «አውትስፔንድ» በወጪ መብለጥ፣ «አውትነምበር» በቁጥር መብለጥ ነው። አማርኛችን «በሽያጭ በለጠው» ሲል ተበላጩን ተሳቢ እንደሚያደርገው ሁሉ እንግሊዝኛውም ተበላጩን ያለ ምንም መስተዋድድ ከግሡ ቀጥሎ ያስቀምጠዋል፤ «ዘ ኮንሶርቲየም አውትቢድ ኢትስ ራይቫል» ይላል። በተቃራኒው «አንደር» መውረድን ያመለክታል፤ «አንደርከት» ከተፎካካሪ ዋጋ ዝቅ ብሎ መሸጥ፣ «አንደርቢድ» በጨረታ ያነሰ ዋጋ ማቅረብ ነው። ይህን የቃላት ቤተሰብ በአንድ ገጽ ላይ የጻፈ ተማሪ ከዚያ በኋላ አይቶት የማያውቀውን «አውት» ያለበት ግሥ እንኳ ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ይረዳዋል።

የተፎካካሪ ስሞች

«ኮምፔቲተር» እና «ራይቫል» ሁለቱም ተፎካካሪ ማለት ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን በዚያው ገበያ ያለን ማንኛውንም ድርጅት ይይዛል፤ ሁለተኛው ደግሞ ፊት ለፊት የተፋጠጠንና ለረጅም ጊዜ ዓይን ለዓይን የሚተያይን ተፎካካሪ ይገልጻል። «ራይቫል» ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው ወንዝ ወይም ጅረት የሚል ቃል ነው፤ ከአንድ ጅረት ውሃ የሚጋሩ ሰዎች ማለት ነበር። በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎች በውሃ ተራ ሲጣሉና የውሃ አባት ሲያስታርቃቸው አይቶ ላደገ ሰው ይህ ቃል ዳግመኛ አይጠፋውም። የእኛም «ተፎካካሪ» የራሱ ታሪክ አለው፤ ሥሩ «ፎከረ» ነው፤ ጀግና ሽለላና ቀረርቶ አሰምቶ የሚፎክርበት ሜዳ ነው ቃሉን የሰጠን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሰብ ቃሉን በትዝታ ያጸናዋል፤ እኔም ተማሪዎቼን የቃል ሥር እንዲፈልጉ የምገፋፋው ለዚሁ ነው።

በዚህ ቦታ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ኦፖነንት» የሚለው ቃል ለስፖርት፣ ለክርክርና ለፖለቲካ እንጂ ለኩባንያ ብዙም አይውልም፤ «ኤነሚ» ደግሞ በንግድ ደብዳቤ ውስጥ ከገባ አንባቢውን ያስደነግጣል።

ፉክክሩ ራሱ ምን ያህል እንደበረታ ለመግለጽ እኛ «ከፍተኛ ውድድር» እንላለን፤ ስለዚህም ብዙዎቻችን «ሃይ ኮምፔቲሽን» ብለን እንናገራለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን እንዲህ ሲል ብዙም አይሰማም። «ፊርስ ኮምፔቲሽን»፣ «ኢንቴንስ ኮምፔቲሽን»፣ «ስቲፍ ኮምፔቲሽን» ይላል። «ስቲፍ» ለብቻው ደረቅ፣ ግትር ማለት ቢሆንም እዚህ ብርቱ ማለት ነው። «ከትስሮት» ሲባል አንዱ ሌላውን ለማጥፋት ወደኋላ የማይልበት፣ ርኅራኄ የሌለው ፉክክር ነው። «ሄልዚ ኮምፔቲሽን» ገበያውን የሚጠቅም ጤናማ ፉክክር፣ «አንፌር ኮምፔቲሽን» ደግሞ ያልተገባ ፉክክር ነው። ፉክክር ከሚገጥማቸው ግሦች ውስጥ «ፌስ» ዋነኛው ነው፤ «ወደ ገበያው ስንገባ ብርቱ ፉክክር ገጠመን» ለማለት «ዊ ፌስድ ስቲፍ ኮምፔቲሽን» ይባላል።

«ኔክ ኤንድ ኔክ» ለሚለው ፈሊጥም መጠንቀቅ ይገባል። በአማርኛ አንገት ለአንገት ስንል መተናነቅን እናስባለን፤ የእንግሊዝኛው ግን ከፈረስ ግልቢያ የመጣ ነው፤ ሁለት ፈረሶች አንገታቸው እኩል ሆኖ ሲጋልቡ የሚታየውን ምስል ይዞ፣ ሁለት ድርጅቶች ማን እንደሚቀድም ሳይለይ እኩል መሄዳቸውን ይናገራል።

ትናንሾቹ ቃላት የሚያስከትሉት ትልቅ ስሕተት

በእኔ ግምት የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ርእስ ላይ በብዛት የሚሳሳተው በትልልቆቹ ቃላት ሳይሆን በመስተዋድዶች ነው፤ ስሕተቱም የሚመጣው አማርኛው ውስጥ ካለው «በ»፣ «ከ» እና «ወደ» ነው። እኛ «በዋጋ እንወዳደራለን» ስለምንል «ኮምፒት ባይ ፕራይስ» እንላለን፤ ትክክሉ «ኮምፒት ኦን ፕራይስ» ነው፤ በጥራትም ከሆነ «ኦን ኳሊቲ» ይባላል። ከማን ጋር ሲባል «ዊዝ» ወይም «አጌንስት»፣ ለምን ሲባል «ፎር»፣ የት ሲባል «ኢን» ይገባል። ስለዚህ «ሁለት ድርጅቶች በአዲስ አበባ ገበያ ለደንበኞች በዋጋ ይወዳደራሉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ወስደው «ፎር»፣ «ኢን» እና «ኦን» ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ድረስ ደጋግመው ይናገሩት፤ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር አጥርተው መናገር ከቻሉ የሁሉም ቦታ ይታወቅዎታል።

«ወደ ገበያው ገባ» ስለምንልም «ኢንተር ቱ ዘ ማርኬት» ማለት ይቀናናል። «ኢንተር» ግን መስተዋድድ አይፈልግም፤ «ኢንተር ዘ ማርኬት» ብቻ ነው። ከገበያ መውጣትም «ኤግዚት ዘ ማርኬት» ወይም «ዊዝድሮው ፍሮም ዘ ማርኬት» ነው፤ የመጀመሪያው ያለ መስተዋድድ፣ ሁለተኛው «ፍሮም» ይዞ። «ከእነርሱ ብልጫ አለን» ስንል «አድቫንቴጅ ፍሮም ዜም» የሚል ስሕተት ይመጣል፤ ትክክሉ «አድቫንቴጅ ኦቨር» ነው።

እግርን ስለ መትከል ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች ደስ በሚል ሁኔታ ይገናኛሉ። አንድ ነጋዴ በአዲስ ቦታ መደላደል ሲጀምር «እግሩን ተከለ» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ጌይን ኤ ፉትሆልድ» ይላል፤ የእግር መርገጫ አገኘ እንደ ማለት ነው። ከዚያም እየተስፋፋ ሲሄድ «ጌይን ግራውንድ»፣ ሲያፈገፍግ «ሉዝ ግራውንድ» ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ከጦር ሜዳ የመጡ ናቸው፤ «ስትራቴጂ» ራሱ በግሪክ ጦር አዝማች ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

ከመርካቶ የሚጀምረው የዋጋ ቃል

የዋጋ ፉክክር ቃላትን ለመያዝ መርካቶን ማሰብ ይበቃል። ጎን ለጎን ከሚሸጡ ሁለት የጨርቅ ነጋዴዎች አንዱ ሜትሩን ሌላው ከሚሸጥበት 20 ብር ቀንሶ ሲሸጥ፣ ሌላው «ዋጋ ሰበረብኝ» ብሎ ያማርራል። ዋጋ መስበር ማለት በትክክል «አንደርከት» ማለት ነው። የተሰበረበትም በበኩሉ ሲቀንስ፣ የመጀመሪያው እንደገና ሲቀንስ «ፕራይስ ዋር» ይጀመራል። አቅም ያለው ነጋዴ ሆን ብሎ ከገዛበት ዋጋ በታች እየሸጠ ጎረቤቱን ከገበያ ለማስወጣትና በኋላ ዋጋውን እንደ ልቡ ለመስቀል ካሰበ ግን ድርጊቱ «ፕሬደተሪ ፕራይሲንግ» ይባላል፤ «ፕሬደተር» አዳኝ አውሬ ነውና ስሙ ራሱ ይናገራል። ሁለቱ ነጋዴዎች መፎካከሩን ትተው ማታ ተገናኝተው ከዚህ ዋጋ በታች ላንሸጥ ብለው ቢማማሉ ደግሞ «ኮሉዥን» ነው፤ ስምምነቱ በብዙዎች መካከል ሲጸና «ካርቴል» ይሆናል፤ ዋጋውን መወሰኑ «ፕራይስ ፊክሲንግ» ነው። «ፊክስ» ማለት መጠገን ብቻ የሚመስለው ተማሪ ይህን ሐረግ ዋጋ ማስተካከል ብሎ ሲተረጉመው አይቻለሁ፤ ሕግ የሚከለክለውን ድርጊት ወደ በጎ ሥራ ስለሚለውጠው አደገኛ ስሕተት ነው።

የእነዚህን ሕግ ነክ ቃላት አማርኛ በግምት መፈለግ አያስፈልግም። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጡ አዋጆች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ይታተማሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን አግኝተው አንድ አንቀጽ በአማርኛው ዓምድ ያንብቡ፤ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ይሸፍኑና ቁልፍ ቃሉ ምን ሊሆን እንደሚችል ይገምቱ፤ በመጨረሻም ይግለጡት። በገበያ የበላይነትን ያለአግባብ መጠቀም፣ ፀረ ውድድር ስምምነት፣ ውህደት የሚሉትን ከእንግሊዝኛ አቻዎቻቸው ጋር በሕግ አውጪ ቋንቋ ያገኛሉ። ከአዋጅ ለጥቆ የብዙ ባንኮቻችን ዓመታዊ ሪፖርት በሁለቱም ቋንቋ ስለሚታተም በዚሁ መንገድ ያገለግላል፤ ጋዜጣ ለሚወድ ደግሞ ሪፖርተር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለሚታተም ተቀራራቢ ዜና በሁለቱ ማንበብ ይቻላል። እንዲህ ያለ ጥንድ ጽሑፍ በእጁ እያለ ብቻውን የቆመ የቃላት ዝርዝር ፍለጋ የሚደክም ሰው ሳይ አዝናለሁ።

ባንክ ካነሣን አይቀር «ባሪየር ቱ ኤንትሪ» የሚለውን እዚሁ እንያዝ። ወደ ገበያ ለመግባት የሚያስቸግር እንቅፋት ማለት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ብር ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው፣ ባንክ ለማቋቋም ላሰበ ሰው እንቅፋቱ 10 እጥፍ ከፍ አለ። በእንግሊዝኛ እንቅፋትን ከፍ ማድረግ «ሬይዝ»፣ ዝቅ ማድረግ «ሎወር»፣ ማንሣት «ሪሙቭ» ነው።

መግዛት፣ መዋሃድና ድርሻ

የቢራ ገበያችን ለዚህ ክፍል የተሟላ ማስተማሪያ ነው። ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት ገዛ፤ ዲያጂዮ በ2004 ዓ.ም. ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ከ10 ዓመት በኋላም በ2014 ዓ.ም. ቢጂአይ ለሚገኝበት ለካስቴል ቡድን ሸጦ ወጣ። አንድ ኩባንያ ሌላውን ሲገዛ ግሡ «አክዋየር»፣ ስሙ «አክዊዚሽን» ነው። ሁለት ኩባንያዎች ተስማምተው አንድ ሲሆኑ ግን «መርጅ» ያደርጋሉ፤ ስሙ «መርጀር» ነው። «አክዋየር» መስተዋድድ የለውም፤ «መርጅ» ግን «ዊዝ» ይፈልጋል፤ መግዛት በአንድ ወገን የሚፈጸም፣ መዋሃድ ሁለት ወገን የሚሻ መሆኑን ካሰቡ ልዩነቱ አይምታታም። «ቴክኦቨር» የሌላውን ድርጅት ቁጥጥር መረከብ ነው፤ የሚገዛው ድርጅት አመራር ሳይፈልግ ሲሆን «ሆስታይል ቴክኦቨር» ይባላል። የራስን ንብረት ሸጦ ከዘርፉ መውጣት «ዳይቬስት» ነው፤ ዲያጂዮ ሜታን ሲሸጥ ያደረገው ይህንን ነው።

«ሼር» የሚለው ቃል ደግሞ ለእኛ ልዩ ችግር አለው። በዕለት ንግግራችን ሼር ማለት አክሲዮን ነው፤ በስልክ ላይም አንድን ጽሑፍ ለሌሎች ማጋራት ነው። ስለዚህ «ማርኬት ሼር» ሲሰሙ ከአክሲዮን ገበያ ጋር የሚያያይዙት ሰዎች ብዙ ናቸው። «ማርኬት ሼር» ግን በገበያው ውስጥ ከሚሸጠው ሁሉ አንድ ድርጅት የሚሸጠው ድርሻ ነው፤ በመቶኛ ይለካል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ የተሸጠው «ሼርስ» ነው፤ ከድርጅቱ ባለቤትነት ለሽያጭ የቀረበው 10 በመቶ «ስቴክ» ይባላል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን የድርጅቱ «ማርኬት ሼር» በሽያጩ ምክንያት አይነካም። ሦስቱን በዚህ አንድ ምሳሌ ከለዩ ከዚያ በኋላ አይደባለቁብዎትም። የገበያ ድርሻ ሲያድግ «ጌይን ማርኬት ሼር»፣ ሲቀንስ «ሉዝ ማርኬት ሼር» ይባላል፤ «ኢንክሪስ» ማለትም ይቻላል፤ «ዊን» ግን የተፎካካሪውን ደንበኛ መንጠቅ ጭምር ያሳስባል።

ከግድግዳው ላይ ያለው ስትራቴጂ

ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሲገቡ ራእይ፣ ተልእኮና እሴት ተጽፈው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ያገኛሉ። ራእይ «ቪዥን»፣ ተልእኮ «ሚሽን»፣ እሴት «ቫሊዩስ» ናቸው፤ እነዚህን ሁሉም ያውቃል። የሚያስቸግረው ከእነርሱ በታች ያለው ነው። «ጎል» ሰፊ ግብ ነው፤ «ኦብጀክቲቭ» የሚለካ ዓላማ ነው፤ «ታርጌት» በቁጥርና በጊዜ የተወሰነ ነው፤ «ስትራቴጂ» እዚያ የሚያደርሰው አጠቃላይ መንገድ፣ «ታክቲክ» ደግሞ በመንገዱ ላይ የሚወሰድ ነጠላ ርምጃ ነው።

ለእያንዳንዱም የራሱ ግሥ አለው። አማርኛ «ግብ መታ» ይላል፤ በእንግሊዝኛ «ሂት» የሚስማማው ለ«ታርጌት» ነው፤ «ጎል» ግን «አቺቭ» ወይም «ሪች» ይደረጋል። ታርጌት ሲሳካ «ሚት»፣ ሳይደረስበት ሲቀር «ሚስ» ይባላል፤ ሁለቱ በድምፅ ተቀራራቢ ስለሆኑ በስብሰባ ላይ የመጨረሻውን ፊደል አጥርቶ መጥራት ግድ ነው። ስትራቴጂን መንደፍ «ዲቫይዝ» ወይም «ድሮው አፕ»፣ መቀበል «አዶፕት»፣ መከተል «ፐርስዩ»፣ መተግበር «ኢምፕሊመንት» ነው። በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ዘወትር የምንጽፈው «አቅጣጫ ተቀመጠ» ቃል በቃል ከተተረጎመ እንግሊዝኛ አንባቢን ግራ ያጋባል፤ «ሴት ኤ ዳይሬክሽን» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምን እንደተወሰነ በግልጽ «ዲሳይድድ ቱ» ብሎ መጻፉ ይሻላል።

ለእነዚህ ቃላት የምመክረው ታሪክ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 «ቪዥን 2025» የተሰኘ የ15 ዓመት ዕቅድ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ስታር አላያንስን ተቀላቀለ፤ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ ከአስካይ አየር መንገድ ጋር ሁለተኛ መናኸሪያ ከፈተ፤ በማላዊ አየር መንገድ ውስጥ 49 በመቶ ድርሻ ያዘ። «አላያንስ» ነፃነታቸውን እንደጠበቁ የሚተባበሩ ድርጅቶች ኅብረት ነው፤ «ሃብ» መናኸሪያ፣ «ጆይንት ቬንቸር» በጋራ የሚቋቋም ድርጅት፣ «ዳይቨርሲፋይ» ከመንገደኛ ወደ ጭነት፣ ወደ ጥገናና ሥልጠና እንደሚደረገው የገቢ ምንጭን ማብዛት ነው። ለአንድ ድርጅት ከሌሎች የሚለይበት ነገር መኖሩ «ዲፈረንሺዬሽን»፣ ሌሎች ያልደረሱበትን ጠባብ የገበያ ክፍል መያዙ «ኒሽ» ነው፤ «ኒሽ» መነሻው ግድግዳ ውስጥ የተሠራች መስኮት መሰል ቦታ ናት።

የሳምንቱ ሥራ

ቃላቱን ለመያዝ የምከተለው አሠራር ቀላል ነው። በሳምንት አንድ የገበያ ጉዳይ ይምረጡ፤ በቀን ከአምስት እስከ ሰባት ሐረግ በላይ አይጻፉ። በደብተሩ ላይ ነጠላ ቃል አይግባ፤ «አንደርከት» ብቻ ከመጻፍ «አንደርከት ኤ ኮምፔቲተር» ተብሎ ይጻፍ፤ ከሥሩም ከሚያውቁት ጉዳይ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይስፈር። በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ደብተሩን ሳይገልጡ ዐረፍተ ነገሩን ከቃል ይድገሙት፤ ያልመጣልዎትን ብቻ እንደገና ይጻፉት።

በድምፅ መናገሩን አይተዉት፤ በጽሑፍ ያወቁት ቃል ጫናው ከተሳሳተ አድማጭ አይረዳውም። «ኮምፒት» እና «ኮምፔቲተር» ሲባሉ ጫናው ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ፣ «ኮምፔቲሽን» ሲባል ግን ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። «ስትራቴጂ» ጫናው መጀመሪያው ላይ ሲሆን «ስትራቲጂክ» ሲሆን ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። «ቴክኦቨር» ስም ሲሆን «ቴክ» ይጠነክራል፤ «ቴክ ኦቨር» ግሥ ሲሆን «ኦቨር» ይጠነክራል።

በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ልምምድ ይሥሩ፤ ከሁሉም የበለጠ ውጤት ያየሁበት ይህ ነው። ያንኑ የቴሌኮም ታሪክ ሦስት ጊዜ በእንግሊዝኛ ይተርኩት። መጀመሪያ እንደ ነባሩ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆነው ይናገሩ፤ ያኔ አዲስ የገባው ድርጅት «ትሬት» (ሥጋት) ይሆናል፤ ቃላትዎም «ዲፌንድ»፣ «ሪቴይን ከስተመርስ»፣ «ሪስፖንድ ቱ» ይሆናሉ። ቀጥሎ እንደ አዲስ የገባው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆነው ይናገሩ፤ ያው ገበያ «ኦፖርቹኒቲ» ይሆናል፤ «ፉትሆልድ»፣ «ጌይን»፣ «ኢንቨስት» ይመጣሉ። በመጨረሻ እንደ ደንበኛ ይናገሩ፤ «ቾይስ»፣ «ስዊች»፣ «ሎወር ፕራይስስ» ያስፈልግዎታል። ሦስተኛውን ሲተርኩ በስልክዎ ይቅዱት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲሰሙት «ኮምፒት ባይ» ያሉበትን ቦታ ራስዎ ያገኙታል።